ቡናችን፣ ሌሊታችንና በአንጎላችን ውስጥ ያለው ሰዓት

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ትምህርት)

 

የዛሬው ርዕሳችን እንቅልፍ ነው። አንዳንዱ ሰው “ስለ እንቅልፍ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? ተኝቶ መነሳት አይደለም ወይ?” ሊል ይችላል። ነገር ግን ከጅማ ከተማም ሆነ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡና ከሰቃ የሚደርሱንን ጥያቄዎች ስናያቸው ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እንቅልፍ ላይ ይወድቃሉ። ለሱብሒ መነሳት ያቃተው ወጣት አለ። ልጅዎ ክፍል ውስጥ እያንጎላጀ አስቸገረን ተብሎ የተጠራ አባት አለ። “ሌሊት ሌሊት ዱካክ ይጫነኛል፣ ጂኒ ነው ወይ?” የምትል እህት አለች። ጫት ካልያዘ መሪ መጨበጥ የማይሆንለት ሾፌር አለ። ለነዚህ ሁሉ መልስ ከመስጠታችን በፊት አላህ (ሱ.ወ.) በአንጎላችን ውስጥ ያስቀመጠውን አሠራር ማየት ይኖርብናል። ቁርኣን በሱረቱ ሩም የሰውን እንቅልፍ ከታምራቱ አንዱ አድርጎ ያነሳዋልና ነገሩ ተራ ነገር አይደለም።

አንጎላችን ውስጥ ሰዓት አለ ስንል ለምሳሌ ያህል መናገራችን አይደለም። እውነተኛ ሰዓት ነው፤ ቦታውም ይታወቃል። ከሁለቱ ዓይኖቻችን የሚነሱት ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ በግራና በቀኝ የተቀመጡ ሁለት ጥቃቅን የሕዋሳት ክምችቶች አሉ። ሁለቱ ተደምረው ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሕዋሳት ናቸው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የተወሰኑ ጂኖች ፕሮቲን ያመርታሉ። ፕሮቲኑ ሲጠራቀም ተመልሶ ያንኑ ጂን “በቃህ” ብሎ ያስቆመዋል። ከዚያ ፕሮቲኑ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ሲያልቅም ጂኑ እንደገና ሥራ ይጀምራል። አንዱ ዙር እስኪጠናቀቅ 24 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህን አሠራር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ አጥንተው የደረሱበት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

“24 ሰዓት ገደማ” ማለታችንን ልብ በሉ። ይህ ሰዓት ልክ እንደ ድሮው የግድግዳ ሰዓት ትንሽ ትንሽ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1962 ሚሼል ሲፍር የሚባል የ23 ዓመት ፈረንሳዊ ሰዓትና የቀን መቁጠሪያ ሳይዝ፣ የፀሐይ ብርሃን ሳያይ፣ ከመሬት በታች ዋሻ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ቆየ። ሲደክመው ይተኛል፣ ሲነቃ ይነሳል። መስከረም 14 ቀን (በነሱ አቆጣጠር) ሲያወጡት እሱ ገና ነሐሴ 20 መስሎታል። ይህን ስናነብ አስሐቡል ከህፍ ወዲያው ትዝ ይሉናል፤ እነሱም ስንት እንደቆዩ ተጠይቀው አንድ ቀን ወይም ከፊሉን ያህል መስሏቸው ነበር። የነሱ ጉዳይ የአላህ ታምር ነው፣ ይህ ደግሞ የሰው ሙከራ ነው፤ አናመሳስለውም። ከሲፍር ጉዳይ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ሰውየው ብርሃን ባያይም የመተኛትና የመንቃት ዙሩ አልጠፋም፤ ሰዓቱ ከውስጥ ነበር። ሆኖም የሚያስተካክለው ስላጣ ከዕለት ዕለት ወደ ኋላ ቀረ።

አስተካካዩ የፀሐይ ብርሃን ነው። በዓይናችን ውስጥ ለማየት ከምንጠቀምባቸው ሕዋሳት ሌላ፣ ብርሃን መኖር አለመኖሩን ብቻ ለዚያ ሰዓት የሚነግሩ ሕዋሳት አሉ። ጠዋት ብርሃን ሲገባ ሰዓቱ ይሞላል። ማታ ሲጨልም ደግሞ ሰዓቱ በአንጎል መሐል ላለችው ፓይኒያል ለምትባል ትንሽ እጢ መልእክት ያስተላልፋል፤ እሷም ሜላቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ትለቃለች። ሜላቶኒን ራሱ እንደ መድኃኒት ጥሎ የሚያስተኛ አይደለም። “መሽቷል” ብሎ ለሰውነት ሁሉ የሚለፍፍ አዋጅ ነጋሪ ነው። ጭራሽ ብርሃን የማያዩ ዓይነ ስውራን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ብዙዎቹ እንቅልፋቸው በየሳምንቱ እየተንሸራተተ ቀን ላይ የሚወድቀው አስተካካዩ ስለማይደርሳቸው ነው። ዓይነ ስውር ሐፊዝ ቀን ላይ ሲያንጎላጅ አይታችሁ ሰነፍ ነው እንዳትሉ።

እዚህ ላይ ለኛ አገር የተሰጠ ጸጋ አለ። ጅማ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፤ በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን በመሐላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስዊድንና ኖርዌይ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁን ጠይቋቸው፤ በበጋቸው ዒሻና ሱብሒ ተጠጋግተው ግራ ይገባቸዋል፣ መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ ጋርደው ነው የሚተኙት። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ፀሐይዋ በተመሳሳይ ሰዓት ትወጣለች ማለት ይቻላል። የሰዓት አቆጣጠራችንም ቢሆን ከንጋት የሚጀምር ስለሆነ ከአንጎላችን ሰዓት ጋር ይቀራረባል። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ሜላቶኒን መነሳት ይጀምራል፤ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ የሰውነት ሙቀት ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ኮርቲሶል የሚባለው አንቂ ሆርሞን እየጨመረ መጥቶ ሱብሒ አዛን በሚልበት ሰዓት ሰውነት ለመነሳት እየተዘጋጀ ነው። ይህ እንግዲህ በጊዜ ለተኛ ሰው ነው። አምፖሉ ጭንቅላቱ ላይ እየበራ፣ ሞባይሉን አፍንጫው ሥር ይዞ እስከ ሌሊት 7 ሰዓት ለቆየ ሰው ግን አዋጅ ነጋሪው ዘግይቶ ስለሚወጣ ሱብሒ የሚደርስበት በእኩለ ሌሊቱ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ በኋላ ወሬ ማውራትን ይጠሉ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ቡናችን እንምጣ። የእንቅልፍ ጉዳይ በሰዓቱ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ሌላ መዝገብ አለ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ኃይል ያቃጥላል፤ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገርም በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። አዴኖሲን በነርቭ ሕዋሳት ላይ ያለውን መቀበያ ሲይዝ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ስንተኛ ይጸዳል፤ ጠዋት ሂሳቡ ተዘግቶ እንነሳለን። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከአዴኖሲን ጋር በመልክ ስለሚመሳሰል መቀበያው ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ባለቤቱ ሲመጣ ቦታው ተይዟል። አዴኖሲኑ ግን አልጠፋም፤ በር ላይ ቆሞ እየተጠራቀመ ነው። ስለዚህ ቡና የእንቅልፍን ዕዳ አይከፍልም፣ አበዳሪውን በር ላይ ያስጠብቃል እንጂ። ካፌይኑ ሲለቅ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይገባል።

ይህን ያልነው ቡናን ለመክሰስ አይደለም። ከከፋና ከጅማ ጫካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰውን ቡና የጅማ ሰው ቢከስሰው ማን ይቀበለዋል! ቡና በሙስሊሙ ዓለም የተስፋፋውም ለዒባዳ ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ የነበሩ ሱፊዮች ለሌሊት ዚክር እንዲያነቃቸው ይጠጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ውስጥ ታግዶ ዑለማዎች ብዙ ተከራክረውበት በመጨረሻ ፈቃዱ ጸንቷል። ጉዳያችን ሰዓቱ ላይ ነው። በአማካይ ጎልማሳ ሰው የጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነቱ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከመግሪብ በፊት፣ 12 ሰዓት ላይ አቦሉን የጠጣ ሰው፣ ማታ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ሩቡ ደሙ ውስጥ አለ። በዚያ ላይ ቶናና በረካ ሲጨመርበት ሂሳቡን እናንተው አስቡት። እርጉዝ እህቶቻችን በመጨረሻዎቹ ወራት ይህ ጊዜ እስከ ሦስት እጥፍ ሊረዝምባቸው ስለሚችል የማታው ረከቦት ባይቀርብላቸው ይመረጣል። “እኔ ጀበናውን ጨርሼም ድብን ብዬ እተኛለሁ” የሚሉ አባቶች አሉ። መተኛቱን ይተኛሉ፤ ነገር ግን የአንጎል ሞገድ ሲለካ የእንቅልፉ ጥልቅ ክፍል ሳስቶ ይገኛል። ስምንት ሰዓት ተኝቶ ሰውነቱ ድቅቅ ብሎ የሚነሳ ሰው የማታውን ቡና ለሁለት ሳምንት ወደ ዐስር ሰላት ቀድሞ ወዳለው ጊዜ አምጥቶ ይሞክረው።

ጫት ግን ሌላ ነገር ነው። ካፌይን መቀበያ ከመዝጋት አይበልጥም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን አንቂ የሆኑትን የአንጎል ንጥረ ነገሮች፣ በተለይ ዶፓሚንን፣ ከየማከማቻቸው አስወጥቶ ይረጫቸዋል። ምርቃና የሚባለው ይኸው ነው። የተረጨው ሲያልቅ ድብርቱ ይመጣል፤ ሰውነቱ ደክሞ እንቅልፉ እምቢ ይላል። አንዳንዱ ምርቃናውን ለመስበር ወደ ጨብሲ ይሄዳል፣ ከአንዱ ችግር ወደ ሐራም ይሻገራል ማለት ነው። ሌላው የእንቅልፍ ክኒን ከየሱቁ ይለቅማል። እኛን ከሁሉ የሚያሳዝነን ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ሲቅም የሚያድረው ተማሪ ነው። ቀን የተማርነው ትምህርት ሥር የሚይዘው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። አንጎል በጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ የቀኑን ውሎ እየደጋገመ ከጊዜያዊው ማኖሪያ ወደ ዘላቂው ያሸጋግራል። ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ልጅ ጆንያውን ሞልቶ ጎተራ ሳያስገባ ሜዳ ላይ የተወ ገበሬ ነው። በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች በተደረገ ጥናት ከተጠየቁት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንቅልፋቸው ጥሩ እንዳልሆነ ታውቋል። ጅማችንም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናትና ወላጆች ልጆቻችሁ ሲደውሉላችሁ “በላህ ወይ?” እንደምትሉ ሁሉ “ተኛህ ወይ?” በሉ።

የመንቂያና የመተኛ ማብሪያ ማጥፊያውም እዚያው ሃይፖታላመስ ውስጥ ነው። ይህ የታወቀው በበሽታ ምክንያት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አንጎልን የሚያቆስል ወረርሽኝ ተነስቶ፣ በቪየና የነበረው ሐኪም ፎን ኤኮኖሞ የሞቱትን ሰዎች አንጎል መረመረ። የሃይፖታላመስ የኋላ ክፍል የተጎዳባቸው ሳያቋርጡ ይተኙ የነበሩ ሲሆኑ፣ የፊተኛው ክፍል የተጎዳባቸው ደግሞ እንቅልፍ ያጡ ነበሩ። የኛ አካባቢ ገበሬ ገንዲን ያውቃል፤ በግቤ ሸለቆ ከብት የሚጨርሰው በቆላ ዝንብ የሚመጣው በሽታ ነው። የዚሁ ተውሳክ ዘመድ ሰውን ሲይዝ “የእንቅልፍ በሽታ” ይባላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በጋምቤላ ተነስቶ ነበር፤ ከ30 ዓመት ገደማ ጸጥታ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ ጥቂት ሰዎች ላይ ተገኝቷል። ስሙ ያሳስታል። በሽተኛው ከሌላው ሰው ብዙ አብልጦ አይተኛም፤ ሰዓቱ ተበጥብጦበት ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይባንናል።

እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ሸለብታ፣ ከዚያ ጥልቁ እንቅልፍ፣ ከዚያ ደግሞ ዓይን ከሽፋሽፍቱ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሮጥበት የሕልም እንቅልፍ ይመጣል፤ ይህ ዙር በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል። የዓይኑን ሩጫ እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ያደረጉት በቺካጎ የነበሩት አሰሪንስኪና ክላይትማን ናቸው። በዚህ ጊዜ አንጎል የነቃውን ያህል ይሠራል። ስሜትና ፍርሃት የሚመነጭበት ክፍል ይግላል፤ ነገር የሚያመዛዝነው የግንባር ክፍል ደግሞ ዝም ይላል። ለዚህ ነው በሕልም የሞተ ሰው ሲያናግረን የማይገርመን። ሕልም ሁሉ ፍቺ አለው ብላችሁ ማታ ያያችሁትን ጠዋት ለጎረቤት አታድሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕልምን በሦስት ከፍለው ሲያስተምሩ አንዱ ወገን ሰው ከራሱ ጋር የሚያወራው መሆኑን ነግረውናል።

ሕልም ስናይ እየሮጥን እግራችን ለምን አይንቀሳቀስም? ከአንጎል ግንድ የሚወጣ ትእዛዝ ጡንቻዎቻችንን ስለሚያስራቸው ነው። ይህ የአላህ እዝነት ነው፤ ባይሆን ኖሮ በሕልሙ የተጣላ ሁሉ አጠገቡ የተኛውን ይደበድብ ነበር። አንዳንዴ ታዲያ ሰውየው ይነቃል፣ እስሩ ግን ገና አልተፈታም። ዓይኑ ክፍሉን ያያል፣ እጁን ማንሳት አይችልም፤ መተንፈስ የሚያግዙ የደረት ጡንቻዎችም ስለላሉ አንድ ነገር ደረቱ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ያልጨረሰው ሕልምም ጥላ ሆኖ ይታየዋል። ዱካክ የምንለው ይህ ነው። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። እንቅልፍ የጎደለበት፣ የመኝታ ሰዓቱ የተዘበራረቀበትና በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ ይበዛል። እኛ ጂን የለም አንልም፤ መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል። ከመኝታ በፊት አያተል ኩርሲይን መቅራትም ሱና ነው። ነገር ግን ዱካክ የተጫናትን ልጅ እየጎተቱ ጠንቋይ ቤት መውሰድ፣ በጢስ ማፈን፣ ለክታብ ገንዘብ መክፈል ከዲንም ከሕክምናም የወጣ ነው። ቀድማችሁ የምትጠይቁት “በዚህ ሳምንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?” ብላችሁ ይሁን። ቀን እያወራች ወይም እየሠራች ድንገት እንቅልፍ የሚጥላት ከሆነ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ከ13 ዓመት ጀምሮ እስከ 20 ገደማ የልጆች የአንጎል ሰዓት በተፈጥሮው ይዘገያል፤ እንቅልፋቸው ከታላላቆቻቸው ዘግይቶ ይመጣል። የሚያስፈልጋቸው ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለሱብሒ ሲቀሰቅሱት የሚያጉረመርመውን ልጅ ኢማን እንደጎደለው አድርጎ በውኃ ከመርጨት ማታ 3 ሰዓት ላይ ሞባይሉን ተቀብሎ መብራቱን መቀነስ፣ ከሰላት በኋላም ተመልሶ ከብርድ ልብስ ውስጥ ሳይገባ ወደ ደጅ ብርሃን ማውጣት ይሻላል። በረመዳንም ችግሩ ይኸው ነው። በሪያድና በካዛብላንካ የተደረጉ ጥናቶች በጾሙ ወር የሰዎች የመኝታ ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚሸሽ አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ጾሙ ብቻ ሳይሆን ከተራዊሕ በኋላ የሚመጣው ድራማና ጨዋታ ጭምር ነው። ተራዊሕን ሰግዶ የተኛ ሰው ከሱሁር በፊት የሚያገኛት እንቅልፍ ጥልቋ ናት፤ የቀረውን በቀይሉላ ይሞላዋል። ከዙህር ወዲህ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ንቃት በተፈጥሮ ዝቅ ስለሚል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጋደም ማለት በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ጥልቁ እንቅልፍ ውስጥ ገብቶ ራስ ከብዶት ይነሳል።

በመጨረሻ በለቀማ ወራት ሌሊቱን የሚሠሩ ወገኖቻችን አሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀን የተለቀመው እሸት ቡና ማታ ማጠቢያ ጣቢያ ይደርሳል፤ ሳይፈለፈል ካደረ ጥራቱ ይበላሻልና ማሽኑ ሌሊቱን ይሠራል። ቀይ እሸቱን የሚገለብጠው፣ ገንዳውን የሚጠብቀው፣ የማድረቂያ አልጋውን የሚጠብቀው ሁሉ ሰውነቱ “ተኛ” በሚልበት ሰዓት ቆሞ ያድራል። እጅ ወደ ማሽን የሚገባው፣ እግር የሚንሸራተተው ከ8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ሌሊት ነው። ይህ ሠራተኛ ጠዋት ቤቱ ሲገባ ሚስቱና ልጆቹ ሊያግዙት ይገባል። ፀሐይዋን ፊቱ ላይ እየጠጣ ከጎረቤት ጋር አይቁም፤ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ቀጥታ ይግባ። መስኮቱ በጋቢ ይጋረድ፤ ሬዲዮውም ይዘጋ፣ የኛም ፕሮግራም ቢሆን! የሥጋ ዘመድ እንኳ መጥቶ “አሁን በቀን ይተኛል?” ቢል መልስ ይሰጠው።

ሾፌሮች ዘንድ ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ነው። ወደ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅልጥፍና በብዙ አገሮች መንዳት የሚያስከለክል መጠን አልኮል ደሙ ውስጥ እንዳለበት ሰው እንደሚሆን በሙከራ ተረጋግጧል። አፉ መጠጥ ነክቶ የማያውቅ ሙስሊም ሾፌር፣ ቀኑን ሙሉ ቡና ሲያስጭን ውሎ ማታ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ፣ የግቤን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርደው በዚያ ሁኔታ ነው። እንቅልፍ የያዘው አንጎል ዓይን ተከፍቶ እያለ ለሦስትና ለአራት ሰከንድ ሊጠፋ ይችላል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ ከ50 ሜትር በላይ ማለት ነው። መስኮት መክፈት፣ መንዙማ ከፍ ማድረግ፣ ጫት መጨመር ይህን አያስቀሩትም። ከዳገቱ በፊት መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ያቁም። ከፔርሙሱ አንድ ስኒ ቡና ይጠጣና ወዲያው 20 ደቂቃ ይተኛ። ካፌይን አንጎል ደርሶ ሥራ እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት እንቅልፉን አይሻማውም፤ በዚያ መሐል ከተጠራቀመው አዴኖሲን ጥቂቱ ይጸዳል፤ ሲነቃም ቡናው ገና መድረሱ ነው። ረዳቱ ሰዓት ይያዝለት።